ቻርጅ የሚደረግ የጠረጴዛ መብራት ከቻይና ላስመጣ ነው፣ ሦስት ሳፕላየር ሦስት ዓይነት ዋጋ ሰጡኝ፣ የቱ ነው የሚያዋጣኝ?

ብርሃን_ሾፕ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። እስካሁን ኦንላይን የምሸጠውን ዕቃ ከጅምላ ነጋዴ ነበር የምወስደው፣ አሁን ግን ሁሉም ሻጭ ያንኑ ዕቃ ከዛው ሰውዬ እያመጣ ዋጋ መቀናነስ ብቻ ሆነ ሥራው፣ ስለዚህ ራሴ በቀጥታ ከቻይና ላስመጣ ብዬ ተነስቻለሁ። ዕቃው ቻርጅ የሚደረግ ኤልኢዲ የጠረጴዛ መብራት ነው፣ ባትሪው ውስጡ ነው ያለው። አሊባባ ላይ ብዙ ሰው አናግሬ ሦስት ቀሩልኝ። አንዱ 3.10 ዶላር ኢኤክስደብሊው ዦንግሻን አለኝ፣ ሁለተኛው 3.60 ኤፍኦቢ ሼንዘን፣ ሦስተኛው ደግሞ 5.90 ዲዲፒ፣ ቀረጡንም ከፍዬ በርሽ ድረስ አደርስልሻለሁ አንቺ ምንም አታስቢ አለኝ። የሁሉም ትንሹ ትዕዛዝ 500 ፍሬ ነው፣ ፎቶውም የሦስቱም አንድ ዓይነት ነው።

ጥያቄዬ፣ ሁሉ ነገር ተደማምሮ የቱ ነው የሚረክሰው? በአየር ይሻላል በመርከብ? ደግሞ ባለ 3.10ሩ ቀብዱን በግል አካውንቴ ላኪው ኮሚሽን እንዳይቆረጥብሽ አለኝ፣ ይሄ የተለመደ ነው? የአንዱ መብራት ሳጥን 40 በ20 በ10 ሴንቲ ነው፣ ካርቶኑ 60 በ40 በ40 ሆኖ 12 ፍሬ ይይዛል፣ አንድ ካርቶን 9 ኪሎ። የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ በጣም ነው የማመሰግነው፣ ገንዘቡ ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀምኩት ነው።

ሲቢኤም_ቆጣሪ፦
እህት፣ ልኬቱን ስለጻፍሽው ደስ ብሎኛል፣ አብዛኛው ሰው ዋጋ ብቻ ነው ይዞ የሚመጣው።

መጀመሪያ፣ ሦስቱን ዋጋ እንዲሁ ጎን ለጎን ማወዳደር አይቻልም፣ የሚያልቁበት ቦታ የተለያየ ነው። ኢኤክስደብሊው ማለት ሰውዬው ዕቃውን ፋብሪካው በር ላይ አዘጋጅቶ ይጠብቅሻል፣ ከዛ በኋላ ያለው መኪናው፣ የቻይና ጉምሩክ መውጫ ወረቀቱ፣ የወደቡ ክፍያ ሁሉ ያንቺ ጣጣ ነው። ትንንሽ ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ ኢኤክስደብሊው የሚሉት ራሳቸው ወደ ውጪ የመላክ ፈቃድ ስለሌላቸው ነው፣ ስለዚህ የጭነት ኤጀንትሽ በሌላ ካምፓኒ ስም ወረቀቱን ያስጨርስና ለሱም ለብቻው ያስከፍልሻል። ኤፍኦቢ ሼንዘን ከሆነ ግን ሻጩ ዕቃውን መርከቡ ላይ እስኪጫን ድረስ በራሱ ወጪ ያደርሳል፣ የመውጫውንም ጉምሩክ ይጨርሳል። የ50 ሳንቲም ልዩነት በ500 ፍሬ 250 ዶላር ነው፣ ያ ብር ከዦንግሻን ሼንዘን ማድረሻና ወረቀት ማስጨረሻ ሊያልቅ ይችላል፣ እንደዛ ከሆነ ርካሽ የመሰለሽ አልረከሰም ማለት ነው። ባለ 3.10ሩንም የኤፍኦቢ ሼንዘን ዋጋ ስጠኝ በይው፣ ማወዳደር ከዛ ይጀመራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ያንቺን ትርፍ የሚወስነው የመብራቱ ዋጋ አይደለም፣ ሳጥኑ ነው! ካርቶንሽ 60 በ40 በ40 ሲባዛ 96,000 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። የአየር ጭነት ላይ ይሄንን ለ6000 ያካፍሉታል፣ 16 ኪሎ ይመጣል። በሚዛን 9 ኪሎ ብቻ ነው ግን ከሁለቱ የሚበልጠውን ነው የሚያስከፍሉት፣ ስለዚህ ለሌለ 7 ኪሎ በየካርቶኑ ትከፍያለሽ። እነ ዲኤችኤል ዓይነት ኤክስፕረስ ከሆነ ደግሞ ለ5000 ነው የሚያካፍሉት፣ 19.2 ኪሎ ይሆናል። 500 ፍሬ ማለት 42 ካርቶን ነው፣ በሚዛን 378 ኪሎ፣ በአየር የሚከፈልበት 672፣ በኤክስፕረስ 806 ኪሎ ገደማ። ለባዶ አየር ነው የምትከፍዪው።

አንገቱ የሚታጠፍ ወይም የሚነቀል ሆኖ ሳጥኑ 20 በ20 በ10 ቢሆን ያው ካርቶን 24 ፍሬ ይይዛል። ያኔ ካርቶኑ 18 ኪሎ ይሆንና ከ16ቱ ስለሚበልጥ በትክክለኛው ሚዛን ትከፍያለሽ፣ 21 ካርቶን፣ 378 ኪሎ። በመርከብም ቢሆን በጋራ ኮንቴይነር ሲጫን በኪዩቢክ ሜትር ነው የሚሰላው፣ ከ4 ኪዩቢክ ወደ 2 ኪዩቢክ ወረድሽ ማለት ነው። ከሳፕላየሩ 10 ሳንቲም ለማስቀነስ ሳምንት ሙሉ ከመጨቃጨቅ ሳጥኑ ላይ አንድ ቀን መነጋገር ይሻላል። የካርቶኑን ውፍረት ትቼ ነው ያሰላሁት፣ ትክክለኛው ትንሽ ከፍ ይላል።

በአየር ወይስ በመርከብ ላልሽው፣ ለ4 ኪዩቢክ መርከብ ነው፣ ለመጀመሪያ ሽያጭ ቶሎ የሚያስፈልግሽ ካለ ጥቂት ካርቶን ብቻ በአየር አምጪ። በመርከብ ስታመጪ ግን አንድ ነገር ልብ በይ፣ ሲአይኤፍ ብለው፣ ማለትም ማጓጓዣውንና ኢንሹራንሱን እስከ መድረሻ ወደብ ሻጩ ይከፍላል ብለው፣ በጣም ርካሽ ማጓጓዣ የሚሰጡሽ አሉ። በጋራ ኮንቴይነር ላይ ያ ርካሽ ዋጋ መድረሻ ወደብ ላይ በማራገፊያና በመጋዘን ክፍያ ተመልሶ ይለቀማል፣ ዕቃሽ ተይዞ ስለሆነ የምትደራደሪበት አቅም የለሽም። ኤፍኦቢ ገዝተሽ የራስሽን አጓጓዥ ያዢና የመድረሻውን ክፍያ ዝርዝር ከመጫኑ በፊት በጽሑፍ አስቀድመሽ ተቀበዪ።

ሁሉን ነገር ወደ አንድ ፍሬ አውርጂው። የዕቃው ዋጋ፣ ማጓጓዣ፣ ኢንሹራንስ፣ ወደብ፣ የጉምሩክ አስተላላፊ፣ ቀረጥ፣ ቫት፣ ወደ መጋዘንሽ የሚያመጣው መኪና፣ ተበላሽቶ የሚጣለው፣ ደንበኛ የሚመልሰው፣ የመሸጫ ፕላትፎርሙ ኮሚሽን። ይሄን ሁሉ ደምረሽ ለ500 ሳይሆን ሊሸጥ ለሚችለው፣ በለው ለ480 አካፍዪው።

ቶሎ_ይድረስ፦
ይሄ ሁሉ ሂሳብ ለጀማሪ ከባድ ነው ባይ ነኝ። እኔ ብሆን ዲዲፒውን ነው የምወስደው፣ 5.90 ከፍለሽ በርሽ ላይ ትቀበያለሽ፣ ጉምሩክ አታዪ ወደብ አታዪ። ሥራውን ስትለምጂው ወደ ኤፍኦቢ ትሄጃለሽ። ሰው ሁሉን ነገር በአንድ ዙር ካልተማርኩ ሲል ነው ሳይጀምር የሚቀረው።

ከጓንዡ፦
ወንድሜ ሐሳብህን እረዳዋለሁ፣ ለትንሽ ሳምፕል እኔም ዲዲፒ እላለሁ። ለ500 ፍሬ ባትሪ ያለው ዕቃ ግን አልስማማም፣ ምክንያቱን ልንገርህ። እዚህ ጓንዡ ውስጥ ዲዲፒ የሚሸጡት አብዛኞቹ የብዙ ሰው ዕቃ አንድ ላይ አድርገው በሌላ ሰው ስም ነው የሚያስገቡት፣ ዋጋውንም ዝቅ አድርገው የሚያስመዘግቡ ሞልተዋል። ዕቃው በርሽ ላይ ይደርሳል ግን በስምሽ የተቆረጠ የጉምሩክ ወረቀት የለሽም። ቫት የምታቀናንሺ ከሆነ ማቀናነሻ የለሽም፣ የምትሸጪበት ፕላትፎርም አንድ ቀን ተነስቶ ይሄን ዕቃ ከየት እንዳመጣሽው ኢንቮይስ አሳዪ ሲል የምታሳዪው የለሽም፣ ጉምሩክ ቢይዘው ደግሞ ባለቤት ነኝ ብለሽ ልትከራከሪ አትችዪም። ዲዲፒ ከወሰድሽም አስመጪ ተብሎ የሚመዘገበው ማን ነው፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ትሰጡኛላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱን ሲያድበሰብሱ ታውቂዋለሽ።

ብርሃን፣ የግል አካውንቱን ነገር በተመለከተ፣ አትላኪ። በቃ። አሊባባ ላይ ያገኘሽውን ሰው ክፍያውን በአሊባባ ትሬድ አሹራንስ፣ ገንዘብሽን በሚጠብቅልሽ የአሊባባ አሠራር፣ አድርጊው፣ ከፕላትፎርሙ ውጪ ከከፈልሽ ጥበቃው አይሠራም። በባንክ የምትልኪ ከሆነም የተቀባዩ ስም ፕሮፎርማው ላይ ካለው ካምፓኒ ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። መሃል ላይ አካውንታችን ተቀይሯል የሚል ኢሜይል ከመጣ ደግሞ ኢሜይሉ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል፣ ስልክ ደውለሽ፣ ከበፊት በምታውቂው ቁጥር፣ በቪዲዮ አይተሽ አረጋግጪ። አከፋፈሉ የተለመደው 30 በመቶ ቀብድ፣ 70 በመቶ ደግሞ ዕቃው አልቆ ከመጫኑ በፊት ነው፣ እሱን 70 ግን ፍተሻው ሳያልፍ እንዳትለቂ።

ሰውየው ፋብሪካ ይሁን ነጋዴ ለማወቅ የንግድ ፈቃዱን ፎቶ ጠይቂ። ቻይና ውስጥ እያንዳንዱ ካምፓኒ 18 አሃዝና ፊደል ያለው አንድ የምዝገባ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩን በመንግሥት የምዝገባ ድረገጽ ላይ ስትፈልጊው የተመዘገበበት ዓመት፣ አድራሻው፣ የተፈቀደለት የሥራ ዘርፍ ይወጣል። ዘርፉ ላይ ማምረት የሚል ከሌለ ነጋዴ ነው። ነጋዴ መሆኑ በራሱ ክፉ አይደለም፣ ትንሽ በትንሽ ከተለያየ ፋብሪካ የምትሰበስቢ ከሆነ እንዲያውም ጥሩ ነጋዴ ይሻልሻል፣ ዪዉ በምትባለው የቻይና ከተማ ያለው ትልቁ የጅምላ ገበያ ሙሉ በሙሉ በዛ ነው የሚሠራው። ክፋቱ ነጋዴ ሆኖ ፋብሪካ ነኝ ሲል ነው፣ ዕቃው ሲበላሽ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅማ።

መብራት ከሆነ ደግሞ ዦንግሻን ያለችው ጉዠን የምትባል ከተማ የመብራት አገር ናት፣ ከአምፖሉ እስከ ብሎኑ እዛው ይሠራል። ሦስቱም አንድ ፎቶ የሚያሳዩሽ ለዛ ነው፣ መያዣውን ከአንድ ቦታ እየገዙ ባትሪውንና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን የየራሳቸውን ነው የሚያስገቡት። ፎቶው አንድ ነው ማለት ዕቃው አንድ ነው ማለት አይደለም። ከሦስቱም ሳምፕል አስመጪና ፍቺው፣ ባትሪው ላይ የተጻፈውን የአቅም ቁጥር (ሚሊአምፕ-ሰዓት) ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደሚያበራ ለኪ። ያሸነፈውን ሳምፕል ሁለት አድርጊው፣ አንዱ ላይ ፈርመሽ ፋብሪካው ጋ ይቀመጥ አንዱ አንቺ ጋ፣ ኋላ ላይ የሚወዳደረው ከሱ ጋር ነው።

ፍተሻ_ባለሙያው፦
ከላይ የተባለው ጥሩ ነው፣ ባትሪውን ግን ማንም በደንብ አላነሳውም፣ ያንቺ ዕቃ ደግሞ ሊቆም የሚችለው እዛ ላይ ነው።

ሊቲየም ባትሪ ያለው ማንኛውም ዕቃ ዩኤን 38.3 የሚባል፣ ባትሪው ሲጓጓዝ አደጋ እንደማያመጣ የሚያሳይ የፍተሻ ሪፖርት ያስፈልገዋል፣ በአየርም በመርከብም። ሳፕላየሩን የሪፖርቱን ማጠቃለያ ላክልኝ በይው፣ ከላከልሽ በኋላ ሪፖርቱ ላይ ያለው የባትሪ ሞዴል ሳምፕሉን ስትፈቺ ካየሽው ባትሪ ጋር አንድ መሆኑን እዪ። አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ባትሪ ሪፖርት ነው የሚልኩት፣ ወረቀት አለን ለማለት ያህል። መለዋወጫ ባትሪ ለብቻው ልጨምር ካልሽ ደግሞ ለብቻው የተጫነ ሊቲየም አየን ባትሪ ከ2016 ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ መጫን ተከልክሏል፣ በጭነት አውሮፕላን ብቻ ነው፣ እሱም ቻርጁ ከ30 በመቶ ሳይበልጥ። ስለዚህ መለዋወጫውን እርሺው።

ሲኢ (ዕቃው የአውሮፓን መስፈርት ያሟላል የሚለው ምልክት) አለን ሲሉሽም ወረቀቱን ተቀብለሽ ማን ስም ላይ እንደወጣ፣ የትኛው ሞዴል እንደሆነ፣ የትኛው ላቦራቶሪ እንደሰጠው እዪና ላቦራቶሪውን ራሱን ጠይቂ። የምትሸጪበት አገር የሚጠይቀው ምን እንደሆነ ቀድመሽ አጣሪ፣ ምልክቱን ሳጥኑ ላይ ማተም ቀላል ነው፣ ኋላ ተጠያቂው ግን አስመጪዋ ነሽ።

ስለ ፍተሻ። ዕቃው ሙሉ በሙሉ አልቆ ቢያንስ 80 በመቶው ሲታሸግ ገለልተኛ የፍተሻ ድርጅት ልከሽ አስፈትሺ። ዓለም ሁሉ የሚጠቀመው አይኤስኦ 2859 የሚለውን ሰንጠረዥ ነው። ለ500 ፍሬ በተለመደው ደረጃ 50 ፍሬ በዘፈቀደ ይመዘዛል። ኤኪውኤል፣ ማለትም የሚፈቀደው የጉድለት መጠን፣ 2.5 ካልሽ ከ50ው ውስጥ ትልቅ ጉድለት ያለበት እስከ 3 ከሆነ ያልፋል፣ 4ኛው ከተገኘ ይወድቃል። ለጥቃቅን ጉድለት 4.0 ነው፣ 5 ያልፋል 6 ይወድቃል። ለሕይወት አደጋ የሆነ ነገር ግን፣ ባትሪው የሚሞቅ፣ ሽቦው የተላጠ፣ አንድም ከተገኘ ይወድቃል በይ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ፈታሹ የሚፈትሸው የጻፍሽለትን ነው። ጥራቱ ጥሩ ይሁን ብለሽ ከሰጠሽው ምንም አላልሽውም። ይሄንን ጻፊ፦ ሙሉ ቻርጅ ሆኖ በትልቁ ብርሃን ከዚህ ያላነሰ ሰዓት ያብራ፣ አንገቱ ይሄን ያህል ጊዜ ታጥፎ አይላላ፣ ቻርጅ እየተደረገ ጀርባው ሲነካ እጅ የሚያቃጥል አይሁን፣ የብርሃኑ ቀለም ከተፈረመበት ሳምፕል አይለይ። የመብራት ነገር ላይ በጣም የሚያጣላው ቀለሙ ነው፣ ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ ሆኖ ይመጣና ሁለት የገዛ ደንበኛ ጎን ለጎን አስቀምጦ ፎቶ ያነሳብሻል። ፋብሪካው ኤልኢዲውን ከአንድ ዙር ምርት እንዲወስድ ውል ውስጥ አስገቢው።

ብርሃን_ሾፕ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ እውነት ነው የምላችሁ እንዲህ ዓይነት መልስ አልጠበቅኩም። በግል አካውንቴ ላኪ ያለኝን ሰውዬ ተውኩት፣ ካምፓኒ አካውንት ስጠኝ ስለው መልስ መስጠት አቆመ። ባለ ኤፍኦቢውን ስለ ሳጥኑ ጠየቅኩት፣ አንገቱ በብሎን የሚነቀል ማድረግ እንችላለን፣ 20 በ20 በ10 ይገባል አለ፣ ግን አዲስ የታተመ ሳጥን ከፈለግሽ ትንሹ 1000 ሳጥን ነው ይላል። 500 መብራት ለማዘዝ 1000 ሳጥን መክፈል አለብኝ እንዴ? ደግሞ የራሴን ሎጎ ላድርግበት ብዬ ነበር፣ መዝገብ ምናምን ያስፈልገዋል? መቼ ልዘዝ? ደግሞ የጉምሩክ ኮዱን 9405 ነው ብሎ ሰጠኝ ዝም ብዬ ልጠቀምበት?

ሲቢኤም_ቆጣሪ፦
ሳጥኑ የሌላ ማተሚያ ቤት ሥራ ስለሆነ የራሱ ትንሹ ብዛት አለው፣ የመብራት ፋብሪካው ውሸት አልነገረሽም። መፍትሔው ለመጀመሪያው ዙር ያልታተመ ቡናማ ሳጥን ወስደሽ የራስሽን ስቲከር መለጠፍ ነው፣ ለኦንላይን ሽያጭ ደንበኛው መጀመሪያ የሚያየው የዕቃሽን ፎቶ ስለሆነ ብዙም አይጎዳሽም። ብሎኑ ግን አሳስቦኛል። ደንበኛው ቤት ደርሶ መፍቻ ልፈልግ ካለ አንድ ኮከብ ይሰጥሻል። በእጅ ተጠምዝዞ የሚገባ ይሁን ወይም የሚታጠፍ ማጠፊያ ይሁን፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ከማጓጓዣው የምታተርፊው ይሸፍነዋል። ደግሞ ሳጥኑ ሲጠብ ውስጡ ያለው መከላከያ ይሳሳል፣ ስለዚህ ፈታሹ የታሸገውን ካርቶን ከፍታ ላይ ጥሎ እንዲያየው አስጽፊ፣ ማዕዘኑንም ጠርዙንም።

ኮዱን በተመለከተ የሳፕላየሩን ኮድ እንዳለ አትውሰጂ። የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች በዓለም አንድ ናቸው፣ ከዛ በኋላ ያሉት እንደየአገሩ ናቸው፣ ቀረጡም የሚወሰነው በነሱ ነው። ያንቺ ዕቃ ደግሞ ሁለት ቤት አለው። 9405.21 ለኤልኢዲ የጠረጴዛ መብራት ነው፣ 8513 ደግሞ በራሱ ኃይል ለሚሠራ ተንቀሳቃሽ መብራት። ቻርጅ ተደርጎ ከቦታ ቦታ የሚዞር ስለሆነ የትኛው እንደሆነ ሊያከራክር ይችላል፣ ቀረጣቸውም ሊለያይ ይችላል። አስተላላፊሽን ፎቶውንና የባትሪውን ዝርዝር አሳይተሽ ከማዘዝሽ በፊት አስወስኚ። ቀረጡ የሚሰላበት መነሻም እንደየአገሩ ነው፣ አሜሪካ በኤፍኦቢ ዋጋ ላይ ነው፣ አውሮፓ ደግሞ ማጓጓዣውንና ኢንሹራንሱን ጨምሮ፣ ስለዚህ የሌላ አገር ሰው የሠራውን ሂሳብ ገልብጠሽ እንዳትሠሪ።

ከጓንዡ፦
ሎጎውን ላልሽው፣ የንግድ ምልክትሽን ከሁሉ በፊት የምትሸጪበት አገር አስመዝግቢ። ቻይናም ውስጥ ብታስመዘግቢው ጥሩ ነው፣ እዚህ አገር ሕጉ ማን ቀድሞ ተጠቀመበት ሳይሆን ማን ቀድሞ አመለከተ ነው የሚለው። ሌላ ሰው ስምሽን ቀድሞ ካስመዘገበውና ጉምሩክ ካሳወቀ የራስሽን ዕቃ ከቻይና እንዳይወጣ ሊያስይዝብሽ ይችላል። ደግሞ የመብራቱ ቅርጽ የሌላ ካምፓኒ ዲዛይን አለመሆኑን አጣሪ፣ ጉዠን ውስጥ የታዋቂ መብራት ኮፒ በጣም ብዙ ነው፣ ፕላትፎርሙ አንዴ የሽያጭ ገጽሽን ካወረደው 500ውም መጋዘን ውስጥ ቁጭ ይላል።

መቼ ልዘዝ ላልሽው፣ የቻይና አዲስ ዓመት ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ 20 ባለው መሃል ነው የሚውለው፣ በየዓመቱ ቀኑ ይቀያየራል። የሕዝብ በዓሉ ሳምንት ይመስላል እንጂ ፋብሪካው ቀድሞ መቀዛቀዝ ይጀምራል፣ ሠራተኛው አገር ቤት ይገባል፣ ተመልሶ የማይመጣም አለ። ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ተቻኩሎ የተገጣጠመ ዕቃና ከበዓሉ በኋላ በአዲስ ሠራተኛ የተገጣጠመ ዕቃ ጥራቱ ያው አይደለም፣ ሁለቱንም ጊዜ ብትርቂ ይሻላል። ኦክቶበር 1 የሚጀምረውም በዓል አለ፣ እሱ አጭር ነው። መምጣት የምትችዪ ከሆነ ደግሞ ጓንዡ ያለው ትልቁ የንግድ ትርዒት፣ የካንቶን ፌር፣ በዓመት ሁለቴ ነው፣ ፀደይና መኸር፣ በሦስት ምዕራፍ ይከፈላል፣ መብራት በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። የፋብሪካ ሰዎችን ፊት ለፊት አግኝተሽ መብራቱን በእጅሽ ይዘሽ ስትጠይቂ መልሳቸው ይለያል።

ብርሃን_ሾፕ፦
የባትሪውን ሪፖርት ዛሬ ላከልኝ፣ ሞዴሉ ሳምፕሉ ከመጣ በኋላ ይታያል። አንገቱን በእጅ የሚጠመዘዝ አድርገው ብዬዋለሁ፣ አዲስ ሳምፕል እሠራለሁ ብሏል። የፍተሻውን ዝርዝር እናንተ ባላችሁት መሠረት እየጻፍኩ ነው።

ፍተሻ_ባለሙያው፦
ጥሩ፣ ዝርዝሩን ለፋብሪካውም ቀድመሽ ላኪለት፣ ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት ማኅተም አድርጎበት ይመልስልሽ። ከወደቀ የድጋሚ ፍተሻውን ማን እንደሚከፍል እዛው ላይ አስጽፊ፣ የተለመደው ፋብሪካው ነው የሚከፍለው።

ሲቢኤም_ቆጣሪ፦
አዲሱ ሳምፕል ሲመጣ ሳጥኑን ራስሽ በሜትር ለኪው፣ እነሱ የሚሰጡሽን ቁጥር አትውሰጂ። የውጭውን ካርቶን ልኬትና ክብደት ጨምረሽ እዚህ ለጥፊው፣ ማጓጓዣውን በአንድ ፍሬ አብረን እናወርደዋለን።